በአንገት የተመረጠ መነጽር

አጎቴን ከቀበርን ወር ሆነን፤ አላህ ይርሐማቸው። እኔ የምጽፈው ስለ ዕድሜያቸው ሁሉ ሳይሆን መነጽር ስለመረጡበት አንድ ቀን ነው።

ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ነው። አሊዩ አምባ ገበያ አንድ ነጋዴ ሁለት የሩቅ ማያ መነጽሮች ይዞ ተቀምጧል። ትልቁን በሙክትና በአንድ ቅል ማር፣ ትንሹን በሙክት ብቻ ይለውጣል። እኔ በትልቁ አሻግሬ የማዶ ገደል ላይ ያለ ዝንጀሮ ሲያዛጋ ጥርሱን አየሁና "ይሄን እንውሰድ" ብዬ ነዘነዝኋቸው። እርሳቸው ዓይናቸው ላይ እንኳ አላደረጉትም። አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የአደን ስልቻቸውን አዝለው ዳገቱን ወጥተው ወረዱ። ከዚያ በትንሹ ደገሙት።

"ጋሼ፣ የሚገዙት መነጽር ነው በቅሎ?" አለ ነጋዴው፤ ገበያተኛው ሳቀ።

"በቅሎማ በራሷ ትሄዳለች፤ የዚህ ተሸካሚ እኔ ነኝ" አሉና ትንሹን ያዙ። ወደ እኔ ዞረው "ማሩ ስንቃችን ነው። ከባዱን ደግሞ ሁለት ቀን ተሸክመነው በሦስተኛው ቀን ቤት ጥለነው እንወጣለን" አሉኝ። አኮረፍሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከቀወት በላይ አጋዘን ስንፈልግ፣ ወደ መንደራችን የሚያመሩ የጣሊያን ወታደሮችን ያዩት በዚያው በትንሹ መነጽር ነው። ሮጠን ቀደምናቸው፤ ሰውም ከብትም ጫካ ገባ።

አሁን መነጽሩ የእኔ ነው። ማንገቻው በእርሳቸው ቁመት የተቋጠረ ስለሆነ ስራመድ ሆዴን እየመታ ያስቸግረኛል። ዳገት በወጣሁ ቁጥር ላሳጥረው ቋጠሮውን እይዛለሁ፤ ከዚያ እተወዋለሁ። የቋጠሩት እርሳቸው ናቸው።