ታዋቂው ምሩቃችን

አየር ጤና በሚገኘው ታይፕ ማስተማሪያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባለቤቱ አቶ ዘውዴ መጀመሪያ ያሳዩኝ ታይፕራይተሮቹን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር። «ታዋቂ ምሩቆቻችን» ከሚል ጽሑፍ ሥር ፎቶዎች ተደርድረዋል። አንዷ የሚኒስትር ጸሐፊ፣ ሌላው የባንክ ሠራተኛ። አንዱ ግን የታወቀ ኳስ ተጫዋች ነው።

«ይሄም ታይፕ ይችላል?» አልኳቸው።

«ተመዝግቦ ነበር» አሉኝ።

ክፍላችን ከጋራዥ ጀርባ ስለሆነ፣ የኛ የጽሕፈት መኪኖች የሚሰሙት የጋራዡ መዶሻ ሲያርፍ ብቻ ነው። ተማሪ መጀመሪያ ሳያይ ጣቶቹን በየቁልፉ ላይ ማሳረፍ ይለማመዳል። ከዚያ ቅጥሉ ይመጣል፤ ፊደሉን ከመታ በኋላ እግሩን ወይም ቀለበቱን ለብቻ ይጨምርለታል። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው።

ደምሴ የሚባለው ተማሪዬም የሰለቸው እዚሁ ላይ ነው። ጣቶቹ ወፍራም ስለነበሩ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ፊደል ይነሳና እርስ በርስ ይጠላለፋል። አንድ ቀን አልላቀቅ ሲሉት ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ትንሽ ቆይቶ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። አቶ ዘውዴ በማግስቱ ፎቶውን በትልቁ አሳጥበው መሃል ላይ ሰቀሉት።

«አልተመረቀም እኮ» አልኳቸው።

«ማን ይጠይቃል ብለሽ ነው?»

የጠየቁት ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጡ ካኪ የለበሱ ሴት ናቸው። በግል፣ ለትርፍ የሚያስተምር ቤት ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ሊወስኑ ጓድ ደምሴን ይዘው መጡ። ፎቶውን አዩ፣ እሱን አዩት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ የተመረቁት እዚህ ነው?»

ቀበሌ ውስጥ ታይፕ እችላለሁ ብሎ ማውራቱን የሰማሁት በኋላ ነው። «አዎ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጥሩ። እስቲ ‹አብዮታዊት ኢትዮጵያ ወይም ሞት› ብለው ይጻፉልኝ።»

ወረቀት አስገብቼ ሰጠሁት። ተማሪዎቹ መጻፍ አቆሙ። የጋራዡ መዶሻ እንኳ ዝም አለ። ደምሴ አንድ ቁልፍ ይመታል፣ አጎንብሶ ይፈልጋል፣ ሌላ ይመታል። አቶ ዘውዴ ኮርኒሱን አፍጥጠው ያያሉ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ወረቀቱን ስበው አነበቡት።

«አብዮታዊት ሞት» ይላል።

«ኢትዮጵያስ የት ሄደች?» አሉት።

«ቅጥሉ ይበዛባታል» አለ ደምሴ።

ማንም አልሳቀም። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰው ሊታሰር ይችል ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ፣ እኔ የት ሥራ እንደምፈልግ ማሰብ ጀምሬ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ትምህርት ቤቱ ይቀጥል። ጓድ ሊቀመንበርም ይቀጥሉ። ኢትዮጵያን ጽፈው ሲጨርሱ ያምጡልኝ።»

ደምሴ በማግስቱ መጣና ጥጉን ያዘ። እንደ ልማዴ ከኋላው ቆሜ ጣቶቹን ስከታተል ላብ ያጠምቀዋል፤ ፊደሎቹ ይጠላለፋሉ፤ ከፊት የተቀመጡት ልጃገረዶች አፋቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ የራሴን መኪና አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሥራዬን መጻፍ ያዝኩ። ቀስ በቀስ እሱ መጠየቅ ጀመረ።

«እትዬ አስቴር፣ ይቺ ‹ጵ› ከየት ነው የምትመጣው?»

መልስ ሳልሰጠው በራሴ መኪና እመታታለሁ። አይቶ እሱም ይመታታል።

ክረምቱ ሳይወጣ ፈተናውን በደንብ አለፈ። መፈክሩን እንደገና ጽፎ ከፍተኛው ድረስ ለሴትዮዋ ወሰደላቸው። ሲመለስ አቶ ዘውዴ በር ላይ ጠበቁት።

«ምን አሉ?»

«‹ወይም› ላይ ስህተት አገኙብኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። በሰው ፊት ያፈረ ተማሪ ሲገጥመኝ ከኋላው አልቆምም። መኪናዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። ጣቱን የሚያይበት ሰው ከሌለ ቅጥሉን ይለምደዋል።