«ኖር!» ሲባል የማይቆም ፊልም

ኤፍራታ ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፀ ለስላሳ ናት፤ የያዘችውን ነገር ግን በቀላሉ አትለቅም። ያደገችው አሰላ ገበያ ዳር፣ እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ክርና ቁልፍ ከሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ጀርባ ነው። አዲስ አበባ ተምራ ስትጨርስ ሰው ሁሉ «እዚያው ትቀራለች» ሲል፣ አንዱ ቁልፉ ከሌሎቹ በቀለም የሚለየውን ሰማያዊ ሹራቧን እንደለበሰች ተመልሳ በከተማው ኮሌጅ አስተማሪ ሆነች።

ጎረቤት ስለ ምርምሯ ሲጠይቃት እንዲህ ትላለች፦ «ከባድ ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ እስኪያልፍ ሻይ ጠጥታችሁ ትጨርሳላችሁ አይደል? እኔ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ እንዲያልፍ ነው የምፈልገው፤ ያለ ሽቦ። ሩቅ ግን አይሄድም፤ ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ነው።»

«ለዚህች ለዚህችማ እኔም እወረውርልሻለሁ!» ይላታል የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ሙህሲን።

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች መጡ። ሥራው ካላሳመናቸው መሣሪያዎቹ ተጭነው እንደሚሄዱ፣ ምርምሩም አሰላ ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ተነግሯታል። ኤፍራታ ማስተላለፊያውን ከኮሌጁ አዳራሽ በስተግራ፣ መቀበያውን በስተቀኝ፣ ሊያዩ ከተቀመጡት ሰዎች ራስ ትንሽ ከፍ አድርጋ ተከለች። ዲክሲስ ወረዳ ውስጥ ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ የተቀረጸው ፊልም በአየር ላይ አልፎ ስክሪኑ ላይ ፈሰሰ። እያንዳንዱ ዛላ ጥርት ብሎ ይታያል።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ፊዚክስ ያስተማሯት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ጋሼ ገብረ መድህን ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

«ኖር!» ብሎ አዳራሹ ብድግ አለ። ኮምባይነሩም ቀጥ አለ።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» ሲሉ ሁሉም ተቀመጠ፤ ኮምባይነሩም ማጨዱን ቀጠለ።

የገምጋሚዎቹ መሪ ዶክተር ይበልጣል ፈገግ አሉ። «ሞገዱ ሰውን በስቶ አያልፍማ። ለሚቀጥለው ማንም እንዳይነሣ ንገሪያቸው።»

«ኧረ ዶክተር! አሰላ ላይ ሽማግሌ ሲገባ አትነሡ ብዬ የት እገባለሁ? መልመድ ያለበት መሣሪያው ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን ጣሪያውን ታይ ነበር። «ሙህሲን፣ ከጓሮ ያን ለጥ ያለ ላሜራ አምጣልኝ። ብርሃን ከመስተዋት እንደሚመለስ፣ ይኼም ከላሜራው ተመልሶ ይወርዳል።»

ሙህሲን መሰላል ላይ ወጥቶ ላሜራውን ከጣሪያው አግዳሚ ጋር አሰረው። እሷ ማስተላለፊያውንም መቀበያውንም ወደ ላይ ቀና አደረገች። «ወደ ግራ! ኧረ በዛ! አዎ፣ እዚያ ላይ ተወው።» ስንዴው እንደገና ታየ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ወጥተው ይግቡልኝ።»

«አስጠርተሽ ልታስወጪኝ ነው?» እያሉ ወጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገቡ።

«ኖር!» ከበፊቱ ይልቅ ደመቀ። ዶክተር ይበልጣል ሳይቀሩ ተነሡ። ኮምባይነሩ አልቆመም፤ ማሳውን እየላጨ ሄደ። ጋሼ ገብረ መድህን ከዘራቸውን ተደግፈው ስክሪኑ ላይ እንደፈዘዙ መልሱን ረሱት፤ እሳቸው ሳይመልሱ ደግሞ ማን ይቀመጣል?

«መሣሪያዎቹ እዚሁ ይቆያሉ» አሉ ዶክተር ይበልጣል እንደቆሙ። «አሁን መቀመጥ እንችላለን፣ አባቴ?»

«ውይ፣ በእግዜር! በእግዜር!» አሉ ጋሼ ደንግጠው።