ለእትዬ የሺ ያላነበብኩላት ማስታወቂያ

ማክሰኞ ማክሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት በቤቴ በር ቀዳዳ ይገባል። የምኖርባት የስዊድን ከተማ ትንሽ ናት፤ ወረቀቷ ግን አንድ ሳምንት አስታጉላ አታውቅም። ውሃ የሚቋረጥበት ሰዓት፣ በረዶ የሚጠረግባቸው መንገዶች፣ ቆሻሻ የሚነሣበት ቀን፣ ሁሉም ተጽፎ ይመጣል። ጎረቤቶቼ አብዛኛውን ጊዜ ሳያነቡት ይጥሉታል። እኔ ጸሎቴን አድርሼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው አነበዋለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ የኛን መንደር እንኳ የማይመለከት ነገር ምን ያደርግልሻል?» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት የመጣው ወረቀት ከከተማው ዳር አዲስ መንገድ እንደሚወጣ ይናገር ነበር። ቁርሴን ትቼ ተነሣሁ። ልጄ ምን ሆንሽ ብላ አጥብቃ ብትይዘኝ፣ በዚህ ዕድሜዋ ሁሉ ያልነገርኳትን ነገር ነገርኳት። እዚህ የምጽፈውም እሱኑ ነው።

ቤታችን አራዳ ነበር፤ ከፒያሳ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ላይ፣ ዋናው መንገድ ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የአርመኑ ዳቦ ቤት ሽታ እስከ እኛ በር ይወርዳል። ድንጋዩ ሰፈራችን አፋፍ ላይ ሲደርስ ያበቃና ጭቃው ይጀምራል። ልክ በዚያ ድንበር ላይ የአቶ ከድር ሱቅ ነበረች። አቶ ከድር የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨው፣ ክብሪትና ሻማ ይሸጣሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያውን የሚለጥፈው በሱቃቸው ግድግዳ ላይ በተቸነከረ ሰሌዳ ነበር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለሴት ልጅ ፊደል ምን ይረባታል የሚሉትን ሁሉ አልሰማም ብሎ መሪጌታ ዘንድ አስገብቶኝ ነበር። በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ዳዊት ደግሜያለሁ። በሰፈሩ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ስለነበር፣ አዲስ ወረቀት በተለጠፈ ቁጥር ሰው ይሰበሰብና እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። የአራዳ ጎረምሶች ሲያዩኝ ዝም አይሉም።

«ደብተራዋ መጣች! ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሳስር ነው?»

«አንተን ነዋ። ውሻ ያለው ሁሉ ይሰር ይላል» ብዬ አንዱን መልስ አሳጥቼዋለሁ። ሰው ሲስቅልኝ ልቤ ያብጥ ነበር። ትዕቢት እንደነበረ አሁን ነው የማውቀው።

ከሁሉም ይልቅ ንባቤን የምትወደው እትዬ የሺ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ጉልት ላይ ቃሪያና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ የቤታችን ግድግዳ ተጋሪ ናት። «ዓይኔ» ነበር የምትለኝ። ከጉልት ስትመለስ ባዶ ቅርጫቷን አዝላ ሰሌዳው ዘንድ ትቆምና «ዓይኔ፣ ዛሬስ ምን ይላል?» ትለኛለች። አንብቤ ስጨርስ ከመቀነቷ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ፈልቅቃ ታጎርሰኛለች።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ተፈራ ይባላል። በጣሊያን ጊዜ መጨረሻ ላይ ተስቦ ገብቶ ሰው ሲረግፍ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። በተስቦ የሞተ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበር ተብሎ ስለነበር ከወንዙ ማዶ ሜዳው ላይ ቀበሩት። መቃብሩን የምትለየው በሦስት ድንጋይና ራሷ በተከለችው እሬት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲፈታ ትወርድና ሣሩን ነቅላ ትመለሳለች። «ልጄን አበጥሬው መጣሁ» ትል ነበር።

መስቀል አልፎ ጭቃው መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሙጫው ያልደረቀ አዲስ ወረቀት አገኘሁ። ቃሉ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ከወንዙ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ መንገድ ስለሚወጣ፣ በስፍራው የተቀበረ ዘመድ ያለው ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ዐፅሙን አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዛውር፤ ቀኑ ካለፈ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ሰብስቦ በአንድ ጉድጓድ ያሳርፋል፤ ይላል። ወደ ቤት ሮጥኩ።

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ሰምታኝ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ለየሺ ነገርሻት?»

«ኧረ ገና ነኝ።»

«እሰይ! ትንፍሽ እንዳትይ።»

እትዬ የሺ በዚያን ሰሞን ከል ለብሳ ነበር። ታላቅ እህቷ በአዲስ ዓመት ሰሞን ሞታባት፣ አርባዋ ገና አልወጣም። እናቴ የንስሐ አባታችንን አስጠራች፤ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም መጡ። ነገሩን እንደ ማስታወቂያ አላዩትም። መርዶ ነው አሉ። መርዶ ደግሞ በአገራችን ወግ አለው፤ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሸክም ተሸክሞ አይረዳም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደግፎ የሚይዝ የሥጋ ዘመድ ከጎኑ ተቀምጦ ነው።

«ልጇን ሁለተኛ ልትቀብር እኮ ነው» አለች እናቴ። «በእህቷ ሐዘን ላይ እንዴት ይህ ይነገራል?»

«አርባው ይውጣላት» አሉ አባ። «ወንድሟም ከሰላሌ ይምጣ። ያለ እሱ ማን ይይዛታል?»

«ሠላሳ ቀን ይላል እኮ» አልኩ ከጥግ።

አባ በጣታቸው ቆጠሩ። «አርባው ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አራት ቀን ይተርፋል። ይበቃል፣ ልጄ።»

ያልተስማሙት አቶ ከድር ብቻ ነበሩ። እናቴ ምክሩን ልትነግራቸው ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሚዛናቸውን ያዝ አድርገው ሰሟትና፣

«ይቺ ወረቀት ለቅሶ አታውቅም፣ እመይቴ። ዛሬውኑ ንገሯት» አሏት።

«እርስዎ ደግሞ! በሐዘን ላይ ሐዘን?»

«እኔ ምን አውቄ፤ የሱቅ ሰው ነኝ። ግን ግድግዳው የኔ ነው። ጠዋት ማታ ወረቀቷን የማያት እኔ ነኝ።»

እናቴ በመንገድ ላይ «ደግ ሰው ናቸው፤ የኛን ወግ ስለማያውቁ ነው» አለችኝ። ያወቁትስ እሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺ ከጉልት ስትመለስ ሰሌዳው ዘንድ ያዘችኝ። ልሸሽ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ዓይኔ፣ አዲስ ወረቀት ወጣ አሉ። ምን ይላል?»

ከአዲሱ ወረቀት ጎን ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ቅዳጅ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ጣቴን አዲሱ ላይ አድርጌ ዓይኔ ግን ቅዳጁን አነበበ። «በመንገድ ዳር ቤት ያለው ሁሉ ለዘውድ በዓል ግድግዳውን ኖራ ይቀባ፣ ይላል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እንግዲያስ እቀባለሁ» አለችና ሳቅ አለች፤ እህቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። «ጃንሆይ በዚህ ቢያልፉ የሺ ሰነፍ ናት እንዳይሉኝ!»

በዚያው ሳምንት ኖራ አመጣች። ውሃውን የቀዳሁላት እኔ ነኝ። ከል ልብሷን ሸብ አድርጋ፣ በጭራሮ መጥረጊያ የጭቃ ግድግዳዋን ስትቀባ፣ ኖራው እጇን ይልጠው ነበር፤ እሷ ግን ታንጎራጉር ነበር። ሲደርቅ ወደ ኋላ ሄዳ አየችውና «አማረ አይደል?» አለችኝ። አማረ አልኳት። በዚያ ሰሞን ዳዊት ስደግም «ሐሰትን የሚናገሩ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር፤ እግዚአብሔር እንዳይሰማኝ ይመስል። ለእናቴ ብነግራት «ለደግ የተደረገ አይቆጠርም፤ ዝም በይ» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ቅዳሜ ስትወርድ፣ ቅዳሜ ስትመለስ፣ ዝም አልኩ።

አርባው ወጣ። ንፍሮው ተበላ፤ ካህናቱ ፈትተው ሄዱ። አራት ቀን ቀረ። ወንድሟ ግን አልመጣም። ለሙግት ወደ ሌላ አገር ወርዷልና የተላከበት ሰው ሲፈልገው ሰነበተ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ። በየማለዳው ሰሌዳው ዘንድ እየሄድኩ፣ የወረቀቱን ቀን ከጣቴ ጋር አስተያያለሁ። ወንድሟ በሠላሳኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በቅሎውን እየጎተተ ቁልቁለቱን ወረደ።

«እማዬ፣ ቀኑ ዛሬ ነው» አልኳት።

«መርዶ ማታ አይነገርም» አለችኝ። «አንድ ሌሊት ምን ያመጣል?»

ጎህ ሲቀድ ሄድን። እትዬ የሺ በሩን ከፍታ ይህን ሁሉ ሰው፣ ወንድሟንም ከመካከል ስታይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

«ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተ፤ ተቀመጪ» አሏት አባ። ወንድሟ ከጎኗ ሆኖ ክንዷን ያዘ። አባ ቀስ አድርገው፣ ስለ ትንሣኤ ሙታን አስቀድመው ነገሯት፤ ከዚያ ስለ መንገዱ። ሁላችን ጩኸቷን ጠበቅን። አልጮኸችም።

«ስንት ቀን ሰጡ?» አለች።

«ሠላሳ።»

«ዛሬ ስንተኛው ነው?»

አባ መስቀላቸውን ያሻሹ ጀመር። እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት። «ሠላሳ አንደኛው» አልኩ።

ዞራ አየችኝ።

«ኖራውስ?» አለች።

የወንድሟን እጅ አስለቅቃ ወጣች፤ ሁላችን ተከተልናት። ወንዙን ስትሻገር ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ሜዳው ላይ ሠራተኞቹ ከማለዳ ጀምረው ነበር፤ ከታች በኩል፣ እሬቱ ባለበት። እሬቱ ተነቅሎ ከአፈሩ ጋር ተከምሯል። ዐፅሞቹን በክብር ነው ያነሡት፤ ያንን መመስከር አለብኝ። ነጭ አቡጀዲ ዘርግተው በላዩ አኑረዋቸው ነበር፤ ግን ሁሉንም አንድ ላይ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ሽበት የጀመራቸው ሰው፣ ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

«እናቴ፣ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር እኮ» አሏት።

«ሕፃን ነበር» አለቻቸው። «ትንንሽ ነው አጥንቱ። ብታዩልኝ ትለዩታላችሁ።»

ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። «ሕፃናቱ ብዙ ናቸው፣ እናቴ።»

ከአቡጀዲው አጠገብ ተቀመጠች። አልነካካችም። እንዲይዛት ብለን ወንድሟን ያን ያህል ለምን እንደጠበቅነው እንጃ፤ ማንንም አላስጠጋችም። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባንድ ጉድጓድ ሲያርፉ፣ አባ ለፍትሐቱ የልጇን የክርስትና ስም ጠየቋት። ነገረቻቸውና፣ «የሌሎቹንስ?» አለች። የሌሎቹን የሚያውቅ አልነበረም። «እንግዲህ የኔ የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ፣ ሁሉም የኔ ናቸው» አለች። ከዚያ ወዲያ ባቅሟ በየዓመቱ የምታወጣው ዝክር ለሁሉም ነበር።

እኔን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በወደድኩ። ከጉልት ስትመለስ ሰሌዳው ዘንድ ትቆማለች፤ እኔ አጠገቧ ብሆንም አቶ ከድርን ትጠራለች። እሳቸው አማርኛውን እንደ እኔ አያቀላጥፉትም፤ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተመለሱ ነው የሚያነቡት። እሷ ቅርጫቷን እንዳዘለች እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። «ዓይኔ» ማለቷን ተወች፤ በስሜ ትጠራኝ ጀመር።

ለአባ ተናዝዣለሁ። እሳቸውም የምክሩ ተካፋይ ነበሩና፣ ቀኖናውን ሲሰጡኝ «እኔም ከአንቺ ጋር እሰግዳለሁ» አሉኝ። እሷን ግን ይቅርታ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ለፋሲካ እላታለሁ፣ ለአዲስ ዓመት እላታለሁ፣ ሐዘኗ ይብረድላት እያልኩ ደህናውን ቀን ስጠብቅ አደግሁ፤ አገባሁ፤ ባለቤቴን ተከትዬ ወደዚህ አገር መጣሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በአንድ የጾም ወራት፣ ጻፍኩላት። አራት ገጽ ነበር። ደብዳቤውን በሰፈሩ ለቀረው ታናሽ ወንድሜ ልኬ «አንድ ቃል ሳታስቀር አንብብላት» አልኩት። መልሱ መጣ። «አነበብኩላት። አለቀሰች። ይቅር ብያታለሁ በላት ብላኛለች» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች መስመር ኖርኩ። ቅዳሴ ስሄድ እንኳ እግሬ ቀልሎኝ ነበር።

ከዚያ ከአገር ቤት አንዲት የሰፈራችን ሴት ልጇን ልትጠይቅ መጣች። ሻይ እየጠጣን የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ስታነሣ፣ የማውቅ መስሏት፣ እትዬ የሺ ያረፈችው ደብዳቤዬ ከመድረሱ በፊት እንደነበር ነገረችኝ። ወንድሜ ደብዳቤውን ያነበበው ለማንም አልነበረም። በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ባለቤቷም ለሥራ ርቆ ይሄዳል፤ ብትደነግጥ የሚይዛት የለም ብሎ አስቦልኝ ነው።

አልተቆጣሁትም። በምን አፌ? ለምን እንደዋሸኝ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የእሱ ደብዳቤም አለ፤ አልቀደድኩትም። ዳዊት ስደግም የእትዬ የሺን ስም እጠራለሁ፣ የተፈራንም፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሕፃናትም። «ይቅር ብያታለሁ» የምትለዋ መስመር ግን በወንድሜ እጅ የተጻፈች ናት፤ ደጋግሜ ባነባትም የእሷ ድምፅ አልወጣ ብሎኛል።