ከብርቱካን ጋር የመጣ ደብዳቤ

ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ኃላፊ አፍንጮ በር ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ ሊጠይቀኝ መጣና፣ ብርቱካን ከያዘበት ፌስታል ውስጥ የመልቀቂያ ደብዳቤ አወጣልኝ። በእኔ ስም ተጽፎ አልቋል፤ የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነው።

ወገቤን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ሁለት ወር እንኳ አልሞላኝም።

«ለራስሽ ብለን ነው፤ ተረጋግተሽ እንድታርፊ» ይለኛል፣ እናቴ የሰጠችውን ሻይ እያማሰለ። ነውር አያውቅ!

በሐኪም ማስረጃ እስከ ስድስት ወር ሥራዬ እንደሚጠበቅልኝ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ግማሽ ደሞዝ እንዳለኝ ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ። ለአዲስ ሠራተኛ ሕጉን የሚያስረዳው እሱ ራሱ ነው።

እናቴ ደብዳቤውን ፌስታሉ ውስጥ መልሳ ከነብርቱካኑ አስታቀፈችው። «እግዜር ይማርህ ልጄ፤ ያንተ ይብሳል» አለችው።

እናንተስ ታማችሁ ስትተኙ መሥሪያ ቤታችሁ ምን ይዞ ጠየቃችሁ?