ቺዚ የተባለው ምርቃቴ

የልጅ ልጄ ሠርግ በደረሰ ሰሞን፣ ሁለታችን ከሰፈራችን ከካሳራኒ ወደ መሀል ከተማ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እንሄዳለን። የማታቱው ጣሪያ ቀያይ ልብ ተስሎበታል። ውጪ ጃካራንዳው አበባውን አራግፎ መንገዱ ሐምራዊ ሆኗል። እኔ እንደሆን መስኮት ካገኘሁ ሐሳቤ ቀድሞኝ ይወርዳል። እንዲያ ፈዝዤ፣ በሠርጓ ቀን የምመርቃትን ለራሴ ሳጉተመትም ሰማችኝ።

«ስትኮራረፉ ሽሮው ይገንፍልና ሁለታችሁም ለማውረድ ተሯሯጡ። ስታረጁ ጥርሳችሁ ይርገፍ እንጂ ሳቃችሁ አይርገፍ።»

«ወይኔ እምዬ፣ በጣም ቺዚ ነው!» አለችና ሳቀች።

«ቺዚ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቺዝ የለም? አይብ። ከሱ የመጣ ነው።»

አይብ! ደስ አለኝ። ሚጥሚጣ ላቃጠለው አፍ ከአይብ ወዲያ ማን ይደርስለታል? እስከ ከተማ ድረስ በልቤ ነጭ አይብ ስፈረፍር ሄድኩ።

ማታ ለእናቷ ብነግራት ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አይ እማዬ! ስሜት ሲበዛበት ነው እንደዚያ የሚሉት። ስኳር እንደበዛበት ሻይ።»

«ሆደ ቡቡ ነሽ ማለቷ ነዋ?»

«ሆደ ቡቡማ ያለቅሳል። ቺዚ ግን ሰው ያስቃል።»

ሻዩ ታየኝ። ልጅቷ በጓደኞቿ ፊት በእኔ ስታፍርም ታየኝ። እሷን መርቄ መዳር ስንት ዘመን የተመኘሁት ነገር ነው፤ ግን ላሳፍራት? ተውኩት።

የሠርጉ ዕለት ማይኩን ሲሰጡኝ፣ «ጌታ ይባርካችሁ» ብዬ መለስኩላቸው። አሜኑም እንደ ቃሌ አጭር ሆነ። ልቀመጥ ስል ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«እምዬ፣ አይቡስ?»

«የቱ አይብ?»

«የማታቱው! እሱን ስጠብቅ አይደል እንዴ የቆየሁት?»

ሽሮውንም ጥርሱንም አልኩት። ጓደኞቿ እውነትም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን «አሜን! አሜን!» እያሉ ነው። እሷ ብቻ እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ።

በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩላት፣ «አንቺ ሆደ ቡቡ፣» አልኳት በጆሮዋ፣ «እኔን ነው ቺዚ የምትይው?»