የከዲጃ ቅንጬና የኪሳችን ጨው

ከዲጃ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ቤት ነበራት። ሁለት ጠረጴዛ፣ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ ምድጃ ነው ያለው። ስም አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ "ከዲጃ ቤት" ይለዋል። የምትሸጠው ሻይና ቅንጬ ብቻ ነው። የደጋው ገብስ ተከክቶ፣ በስሎ፣ በቅቤ ተለውሶ ሲቀርብ ሌሊቱን ከአቦምሳ ሲነዳ ያደረ ሾፌር እንኳ ድካሙን ይረሳ ነበር። ይህን የምለው ግን ስለ ድሮው ነው፤ ባሏ ጅብሪል በሕይወት ሳለ።

ጅብሪል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወደ መንገዱ ከመውጣቱ በፊት ምድጃው ዳር ቁጭ ይልና የመጀመሪያውን ሳህን ከእሷ ጋር ይበላል። ድስቱን የምታማስለው እሷ ናት፤ ቀምሶ ጨው የሚጨምረው ግን እሱ ነው። እጁ ደግሞ ጨው ላይ አይቆጥብም። "አበዛኸው፣ አበላሸህብኝ" እያለች በየጠዋቱ ትቆጣዋለች። እሱ ይስቃል፣ እሷ ውሃ ጨምራ ታለዝበዋለች። እኛ ደንበኞቹ ይህን ጭቅጭቅ እንደ ጠዋት ዜና ለምደነው ነበር።

በ1964 ክረምት የጅብሪል መኪና ከነጭነቱ ገደል ገባ። ከዲጃ አላለቀሰችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ ግን አንጀቱም አብሮ የደረቀ መሰለ። ለቀስተኛው ሲበተን በሯን ከፈተች፣ ምድጃዋን አነደደች። ሻይ ትቀዳለች፣ ሳህን ታነሳለች፣ ሰላም ሲሏት ሰላም ትላለች። የባሏን ስም ከአፏ የሰማ የለም። የገዛ ቅንጬዋን ስትበላ ያየም የለም። ዳቦ በሻይ ነክራ ቆማ ትጎርስና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ቅንጬውም ጨው አልባ ሆነ። የሚጨምረው ሰው ሞቷላ።

መጀመሪያ ቀን ጉቱ፣ የጅብሪል ባልንጀራ የነበረው ሾፌር፣ አንዴ ጎርሶ ሊናገር ቀና ሲል ባለሱቁ ረዲ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ውጭ ከወጣን በኋላ ረዲ ነገሩን አስረዳን። "ይቺን ሴት ይዞ ያቆማት ይሄ በር ነው" አለን። "ጨው የለውም ካልናት ለምን እንደሌለው ታስባለች። ካሰበች በሩን ትዘጋለች፣ ከዘጋች ተኝታ ነው የምትቀረው።" ልክ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ብቻ ሁላችንም ፈራን። ከማግስቱ ጀምሮ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ጨው በየኪሳችን ይዘን መምጣት ጀመርን። ወደ ምድጃው ስትዞር ጠብቀን ነስነስ እናደርግና እንበላለን። አንድ ጊዜ ረዲ ከሱቁ የጨው ዕቃ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢተወው፣ ረስቶት የሄደ መስሏት መልሳ ላከችለት። ከዓመት በላይ እንዲህ በላን። እኔ ያኔ ቴሌ ነበር የምሠራው፤ ኮቴ በታጠበ ቁጥር ከኪሱ ጨው ይራገፍ ነበር።

አሁን ወደ ክበቡ ልምጣ። አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር የበጎ ፈቃድ ክበብ አቋቁመው ረዲንም፣ ጉቱንም፣ እኔንም አባል አድርገውን ነበር። ለመግባት እሺ ያልኩት እሳቸውን እንቢ ማለት ስለሚከብድ ነው እንጂ ክበቡን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ስብሰባ ይበዛበታል፣ ክራባት ይበዛበታል። አቶ ወልደሰንበት ንግግር በጀመሩ ቁጥር "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ፤ እኛም በሆዳችን አብረናቸው እንላለን።

በ1966 መግቢያ ላይ ግን ከቆላው፣ ከዴራ በኩል ሰው ይመጣ ጀመር። ዝናብ ቀርቶባቸው፣ ከብታቸው አልቆ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደጋ የወጡ ናቸው። ገበያው ዳር፣ የእህል መጋዘን ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ረሃብ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ "ችግረኞች" ነበር የምንላቸው። አቶ ወልደሰንበት አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ስለ በጎ አድራጎት ቁርስ ሰምተው ኖሮ፣ እኛም እናድርግ አሉ። የከተማው ሰው ቲኬት ይገዛል፣ እሑድ ጠዋት ተሰብስቦ ቁርሱን ይበላል፣ በገንዘቡ ለችግረኞቹ እህል ይገዛል። ቀን ስንመርጥ ተጨቃጭቀን የረመዳን ጾም ካለቀ በኋላ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ያለችውን ጠባብ ጊዜ ያዝን። ሥጋ ካለ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ማዕድ ይለያያል ተብሎ ቅንጬ ተቆረጠ። ቅንጬ ከተባለ ያው ከዲጃ ናት። ደግሞም የዴራ ልጅ ነች። ስንጠይቃት እሺ አለች። በዚያ ጊዜ ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምትለው።

እኔና ረዲ ግን ተያየን። ለሠርግ የሚከራይ ድስት ሙሉ ጨው አልባ ቅንጬ በከተማው ሰው ፊት ሊቀርብ ነው። እኛ ዝም ብለን እንበላለን፤ ቲኬት የገዛ እንግዳ ሁሉ ግን ዝም አይልም። አንዱ አፉን ቢከፍት ያን ያህል ጊዜ የጠበቅነው በር በአንድ ጠዋት ሊዘጋ ነው።

በዚያች የኅዳር እሑድ ከዲጃ ድስቱን ቁርሱ በሚቀርብበት አዳራሽ ግቢ ውስጥ ጣደች። እኔ እሳቱን ላግዝሽ ብዬ ቀረብኩ፣ እንጨት ልታነሳ ስትዞር ለዚያ ቀን ብዬ በርከት አድርጌ የያዝኩትን የኪሴን ጨው ጠቅላላ ገለበጥኩበት። ልቤ ቅልል አለኝ። ወደ አዳራሹ ገብቼ ክራባቴን አስተካከልኩና እንግዶቹን መጠበቅ ጀመርኩ።

እንግዳ የሚባል አልመጣም። ቲኬቱ ተሸጦ አልቋል፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ሰዉ ገንዘቡን ሰጥቶ ቤቱ ቀረ። አንድ ነጋዴ ብቻ እስከ በሩ መጥቶ ለአቶ ወልደሰንበት ምክንያቱን ነገራቸው። የተራበ ሰው እዚያ ተቀምጦ፣ ለእሱ ብዬ እኔ ልብላ? ነውር ነው አላቸውና ሄደ። አቶ ወልደሰንበት የጻፉትን ንግግር በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። አሳዘኑኝ። እንዴት እንዳላሰብነው እኔንም ገረመኝ፤ ሁላችንም እዚሁ አገር ያደግን ሰዎች ነን። በመጨረሻ ረዲ፣ እንግዲያው የቁርሱን ባለቤቶች፣ ችግረኞቹን እንጥራ አለ። ጉቱ ገበያ ዳር ወርዶ ይዟቸው መጣ።

ገብተው ተቀመጡ፤ ሴቶች፣ ልጆች፣ ጥቂት ሽማግሌዎች። ከዲጃ በየሳህኑ አውጥታ አቀረበች። እኛ የክበቡ አባላት ግድግዳውን ተደግፈን ቆመን እናያለን። ማንም ሳህኑን አልነካም። ልጆቹ ሊጀምሩ ሲሉ እናቶቻቸው እጃቸውን ያዟቸው። ከዚያ ቱሳ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በኦሮምኛ ተናገሩ። ከዲጃ መልእክት እንደምታደርስ ሰው ብቻ ሆና ተረጎመችልን።

"ቆመው የሚያዩት ከብት ሲግጥ ነው ይላሉ። እንግዳ ከሆንን ባለቤቱ አብሮን ይብላ፤ መጀመሪያ ደግሞ የሠራችው ትቅመስ ይላሉ።"

ተርጉማ ከጨረሰች በኋላ ነው ነገሩ ስለ እሷ መሆኑ የገባት። በልቻለሁ አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው ያለውን አግዳሚ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና "ኮቱ፣ ታኢ" አሏት በዝግታ። ነይ፣ ተቀመጪ ነው። ከዲጃ ልጆቹን አየች፤ ልጆቹ ሳህኑን ያያሉ። ተቀመጠች።

ማንኪያውን ስታነሳ እኔ አልፈራሁም፤ ጨዉን ጨምሬያለሁ። ጎረሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ። እንደምንም ዋጠችና ወደ እኛ ዞረች።

"ጨው በዝቶበታል" አለች። "እኔ ጨው አልጨመርኩም። ጨው የምጨምረው እኔ አይደለሁም።"

ረዲን አየሁት። ረዲ ጉቱን አየው። ለካ እሳቱን ያገዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ቢሆንም ጨው እንደ ሎሚ አይደለም። ረዲ ባዶውን የጋዜጣ ቁራጭ ከኪሱ አወጣ። ጉቱ አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። በመጨረሻ አቶ ወልደሰንበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እሷ ቤት ቁርስ የሚበሉትና ያልጠረጠርናቸው ሰው፣ ከንግግራቸው ወረቀት ሥር የታጠፈ ፖስታ አወጡ። ጥጉ ላይ አሁንም ጨው ነበረበት።

ከዲጃ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። መልሱን እሷም ታውቀዋለች።

"ጅብሪልም እንዲሁ ነበር የሚያበዛው" አለች።

ስሙን ስትጠራ እንባዋ መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። እንዲሁ እያለቀሰች ተነሳች፣ ውሃ ጨመረች፣ የተረፈውን የገብስ ክክ ጨመረች፣ አማሰለች። ሲበስል ቀመሰች፣ ለሽማግሌውም አቀመሰቻቸው። ከዚያ ልጆቹ በሉ፣ እኛም ክራባታችንን ፈትተን በመካከላቸው ተቀምጠን በላን። ንግግር አልተደረገም።

ክበቡ ቁርሱን በየወሩ ቀጠለበት፤ ሰዉ ይሰጣል፣ የሚበላው ግን ከችግረኞቹ ጋር ተቀምጦ ነው። አብዮቱ መጥቶ ክበቡ እስኪዘጋ ድረስ እንዲህ ሆነ። የሰዎቹን ችግር በቅንጬ ፈታን አልልም። ከመጡት ውስጥ ደጋው ያላዳናቸው ነበሩ፤ እኛ ቀብረናቸዋል። ሆኖም ያን ክበብ የሚያማ ሰው ሲገጥመኝ ዝም አልልም። እኛ ዓመት ሙሉ በየኪሳችን ጨው ደብቀን ያላደረግነውን ያ የማይረባ ቁርስ በአንድ ጠዋት አደረገው።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዳችን ከዲጃ ቤት ገባን። ፊቷ ያው ነው፣ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ጣሳ አስቀምጣለች።

"በየኪሳችሁ ያለውን እዚህ ገልብጡ" አለችን።

ገለበጥን። ጣሳውን ወደ ምድጃው ወሰደችው። ቆንጥራ ጨመረች፣ ቀመሰች፣ ትንሽ ቆይታ ደግማ ጨመረች። ቅንጬው ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሳህናችንን ጠርገን በላነው።