አፈርዎ ነው ያልኳቸው ቀን

ትናንት አንድ ሞተረኛ ከአዲስ አበባ ያዘዝኩትን ሳህን በካርቶን አመጣልኝ። ፈርሜ ተቀበልኩትና ሳላስበው ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ነቀነቅኩት። «እህቴ፣ ሬዲዮ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳልፈታው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ካርቶን ማዳመጥን ያስተማሩኝ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ናቸው። ያደረግሁባቸውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

ያኔ መካነ ሰላም ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ከጓደኞቼ ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ግማሾቹ ለዓረብ አገር ፓስፖርት ያወጣሉ። እዚያው ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ስልክ ላከችልኝና፣ «እኔን እንዳትከተይ። እዚያው አገር ቤት አንድ ነገር ጀምሪ» አለችኝ። ምን እንደምጀምር ግን አላውቅም ነበር።

በገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዋ ከከተማው በታች ካለው ቀበሌ ሸክላቸውን በጀርባቸው አዝለው ይመጡ ነበር። ሰው ድስታቸውን ይገዛል፤ አጠገባቸው ግን አይቀመጥም። እኔን የሳበኝ ድስቱ ሳይሆን ጣባቸው ነው፤ ትንሹ፣ ጎድጓዳው የሸክላ ሳህን። ከንፈሩ ስስ ነው፤ በለስላሳ ጠጠር ስለሚያሹት ፀሐይ ሲነካው እንደ በሰለ ቲማቲም ያበራል። ፎቶ አንስቼ በስልኬ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። በሳምንቱ ከደሴ አንዲት ሴት አዘዘችኝ፣ ቀጥሎ ከአዲስ አበባ አንድ ምግብ ቤት። እንዲህ ሆኖ ነጋዴ ሆንኩ።

መጀመሪያ ያስጨነቀኝ መንገዱ ነበር። ካርቶኑ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ በአቀስታ በኩል ያን ኮረኮንች ሁሉ አልፎ ደሴ መናኸሪያ ይደርሳል፤ ከዚያ ዕቃ አድራሹ ተቀብሎ ሰው ቤት ድረስ ይወስደዋል። «አንዱም ሳይሰበር አይደርስም» ብዬ ስነግራቸው ሸክላ ሠሪዋ ቤታቸው ወሰዱኝ። ቤቱ የእርጥብ አፈርና የጭድ ሽታ ነበረው። በር ላይ፣ ብርሃኑ በሚገባበት ቦታ አስቀመጡኝና በእጃቸው አሳዩኝ።

«ሆዱን በጭድ ሙዪው። ባዶ ሆድ ነው የሚሰበረው። ጎንና ጎኑ አይነካካ። ስትጨርሺ ነቅንቂና አዳምጪው፤ ከተናገረ ፍቺው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ወራት አለፉ፤ አንድም ስባሪ አልነበረም። ገበያ ውስጥ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ «ጣባዬ አዲስ አበባ ገባ እኮ! እኔ ያላየሁትን አገር አየልኝ» ይሉ ነበር። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ደስታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ደሴ ያለች የሙሽራ እናት ለልጇ ሠርግ ስድሳ ጣባ አዘዘች። ሸክላ ሠሪዋ ልጃቸውን ይዘው ሌላ ሥራ ሳይነኩ ሠሩት። የሚጫንበት ቀን ግን አቀስታ ላይ ከሚያገባ ጓደኛዬ ሠርግ ጋር ገጠመ። እኔም በዚያው ሚኒባስ ልሄድ ጠጉሬን ተሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነው ማሸግ የጀመርኩት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ካርቶኖች ላይ ጭድ አነሰኝ። ጎረቤት ሄዶ ማምጣት ይቻል ነበር፤ ቀሚሴን አሰብኩ። ያለችውን ጭድ ከላይ ከላይ ነሰነስኩና ነቀነቅኩት።

ተናገረ። ጥርስ እንደማፋጨት ያለች ቀጭን ድምፅ ናት።

ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ፣ «ነይ እንጂ! ሰው ሁሉ ተሳፍሮ አንቺን ይጠብቅ?» አለ። በፕላስተር አሸግኩትና ተሳፈርኩ። ጉድጓድ በነካን ቁጥር ትከሻዬ ይሸማቀቅ ነበር። በኋላ ሴቶቹ የሠርግ ዘፈን ሲጀምሩ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። አቀስታ ላይ ስወርድ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ፎቶ ደረሰኝ። ሁለቱ ካርቶኖች ውስጥ ሙሉ ሆኖ የተረፈ የለም ማለት ይቻላል። የሙሽራዋ እናት ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ «ለሠርጌ ስብርባሪ ትልኪልኛለሽ? ዕቃው ነው ወይስ አንቺ ነሽ?»

እኔ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። «ይቅርታ እናቴ፣ የሠራችው ሴትዮ አፈሩን አበላሽታው ነው። እንተካለን» አልኳት። ዘወትር እርስዎ የምላቸውን ሰው በአንድ አፍታ «ሴትዮ» አደረግኋቸው። የሙሽራዋ እናትም፣ «እነሱ መቼም» ብላ ቶሎ አመነችኝ። ከዚያ በፊት እሳቸው ላይ ጥፋት መጫን እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ለእሳቸውም ያንኑ ደገምኩላቸው። ስልኩን ተቀበሉኝና በተሰነጣጠቁ ጣቶቻቸው ይዘው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«በስሏል እኮ ልጄ። ያልበሰለ ሸክላ ሲሰበር መሐሉ ይጠቁራል። ይሄ ቀይ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ጭዱ በቅቶሽ ነበር?»

«እንዳስተማሩኝ ነው ያሸግኩት» አልኩ። «ታዲያ አፈርዎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«አፈሬ?» አሉ። ስልኬን መለሱልኝ።

በሳምንቱ ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ጠንካራ አፈር ይገኛል ሲባል ሰምተው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ዝናብ ሰንብቶ ነበር። እሳቸው ሥር ሥሩን ሲቆፍሩ ገደሉ ተደረመሰባቸው። ልጃቸው በእጇ ጭራ ነው ያወጣቻቸው። ቀኝ ክንዳቸው ከክርኑ ላይ ተሰብሮ ነበር።

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጠጉራቸው ውስጥ ገና አፈር አለ። ሲያዩኝ ለመቀመጥ ሞከሩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ትእዛዙ አይቀርብሽም። ልጄ ትሠራዋለች። አፈሩንም አግኝተነዋል፣ አልሀምዱሊላህ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ነርሷ ገብታ ውጪ አለችኝ። ከልቤ ነው ያመሰገንኳት። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ያ ምስጋና ነው።

ክንዱ ጠምሞ ዳነ፤ ጣቶቻቸው ግን ከዚያ በኋላ አልጨበጡም። ልጃቸው ትልልቅ ድስት ትሠራለች፤ ያን ስስ ከንፈር ግን ማውጣት አልቻለችም። እኔም ሥራውን ዘግቼ ደሴ ገባሁ፤ ሱቅ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ለምን ተውሽው ለሚለኝ ሁሉ «መንገዱ ነው ያከሰረኝ» እል ነበር። ብዙ ጊዜ ከመናገሬ የተነሳ እኔም ላምነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አምና እናቴን ልጠይቅ መካነ ሰላም ሄጄ በማግስቱ በእግሬ ቁልቁል ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ወረድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል። ልጃቸው ጓሮ አፈር ትወቅጣለች። በስሜ ጠርተው ሳሙኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀሚሱን፣ ጭዱን፣ ካርቶኑ ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ። «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ።

የማይጨብጠውን እጃቸውን በግራቸው ያዙት። የልጃቸው ሙቀጫ ብቻ ይሰማል። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

«እንግዲያ የድሮው አፈሬ ደህና ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ደህና ነበር።»

«እናቴ ካሳየችኝ ጉድጓድ ነበር የማወጣው። እሷም ከእናቷ ነው ያገኘችው። በረከቱ ሄደ ብዬ በድንጋይ ደፈንኩት። ልጄን እንኳ አላስነካኋትም።» መሬት መሬቱን ያያሉ። «የሞተች እናቴን፣ ምነው መጥፎ አፈር አወረሽኝ እያልኩ ስወቅስ ኖርኩ።»

ልጃቸውን ተጣሩ። በግራ እጃቸው ትከሻዋን ይዘው ተነሱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ጉድጓዱ ከቤቱ ጀርባ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ሣር በቅሎበታል። ከልጃቸው ጋር ድንጋዩን እየተቀባበልን አነሳነው። እጄ ተላጠ፤ ያን ያህል ብቻ በመላጡ አፈርኩ። ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ እርጥብ አፈር ብቅ ሲል ልጃቸው ትንሽ ቆንጥራ አቀበለቻቸው። በግራ አውራ ጣታቸው በማይጨብጠው መዳፋቸው ላይ አሹት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ ፊታቸው አይታየኝም።

«እማዬ» አሉ ወደ አፈሩ ጎንበስ ብለው፤ «አፉ በዪኝ።»